ለዕቃ ባንኮክ ለምንመላለስ ሁሉ፦ ወንዙን ተሻገሩ

ይድረስ፦ ፕራቱናምና ቦቤ ገበያ ለምንተላለፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ደርዘን ቲሸርት ለምንኳረፍ ነጋዴዎች፤ እንዲሁም ሰው ለማስታመም መጥታችሁ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለምትሰነብቱ ወገኖች።

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ስድስት ዓመት ባንኮክ ተመላልሻለሁ። ሰው "ታይላንድን ታውቂያታለሽ?" ሲለኝ "እንደ ሰፈሬ!" እል ነበር። ውሸቴን ነው። የማውቀው ከፕላቲነም የልብስ ገበያ ሕንፃ ደረጃ እስከ ካርጎ ቤቱ ሚዛን ያለችውን መንገድ ብቻ ነው። ጠዋት ገበያ፣ ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ ኪሎ መደልደል፣ በማግስቱ ደግሞ ያው። 23 ኪሎ በሁለት ሻንጣ፣ አንዷን ካልሲ ሳይቀር ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ኤርፖርት ላይ ሚዛኑ ሲበዛብን ጃኬት በጃኬት ላይ የደረብነው አብረን ነው።

የካቲት 2017 ላይ፣ ሁዳዴ የገባ ሰሞን፣ ያዘዝኩት የልጆች ልብስ አልደረሰም። "አሥራ ሁለት ቀን ታገሺ" አሉኝ። ማን እንዳለኝ ይቅር፤ ሁላችንም ላይ የደረሰ ነው። ባንኮክ ቁጭ ብዬ የሆቴል ከመክፈል ብዬ አንድ የጀርባ ሻንጣ ገዛሁ፤ ስምንት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ዕቃ አዘልኩና ወደ ሰሜን ተነሳሁ። ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጀርባዬ ላይ ሻንጣ ያዘልኩት ከትምህርት ቤት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመለመን ነው፦ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ላይ አንድ ሳምንት ጨምሩና የሜኮንግን ወንዝ ተሻግራችሁ ጎረቤቷን ላኦስን እዩ።

ከባንኮክ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚነሳ የመኝታ ባቡር አለ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ እስከ ላኦስ ዋና ከተማ ቪየንቲያን ድረስ ይዘልቃል። እኔ ግን ድልድዩን በመኪና ማየት ስለፈለግሁ ድንበሩ ላይ ኖንግ ካይ ወረድኩ። የወዳጅነት ድልድይ ይሉታል፤ በአውስትራሊያ ገንዘብ ተሠርቶ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ፤ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ታይላንድ መኪና በግራ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ድልድዩ ሲያልቅ መብራት አለ፤ አውቶቡሱ ቆመ፣ ተራውን ጠበቀ፣ ከዚያ እንደ እኛ አገር ቀኙን ይዞ ነጎደ። ስድስት ዓመት በተሳሳተ ጎን ስሄድ ኖሬ እዚያች ቦታ ላይ ወደ ራሴ የተመለስኩ ያህል ተሰማኝ።

ከኬላው ወደ ከተማ የሚወስደው ሶንግቴው ይባላል፤ ከኋላው ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት አግዳሚዎች ያሉት ፒክአፕ ነው። ውይይት ታክሲ ያስታወሰ ሰው ምንም አያስረዱትም፤ ጉልበት ለጉልበት ነክቶ መሄድ ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ነጭ ወጣቶች ተሳፍረዋል። አንድ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ እነሱን ጠቆመና "ፋላንግ!" አለ። ጆሮዬን አላመንኩም። ደግሞ "ፋላንግ!" አለ። የእኛው "ፈረንጅ" ነው፤ ታይላንዶች "ፋራንግ" ይሉታል፤ ሁሉም በፋርስና በዓረብ በኩል ፍራንክ ከሚባሉት የአውሮፓ ሰዎች ስም የመጣ ነው። እንግዲህ እኔም ሰፈራችን መኪና በገባ ቁጥር ፈረንጅ እያልኩ ከሮጡት ልጆች አንዷ ስለነበርኩ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ሕፃኑ ወደ እኔ ዞረና ግራ ገባው። እናቱን ጠየቃት። ከጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፈረዱ፦ "ፋላንግ ዳም።" ዳም ማለት ጥቁር ነው። ጥቁር ፈረንጅ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ሲቀረኝ ፈረንጅ ሆንኩላችሁ።

ቪየንቲያን ዋና ከተማ ናት ብሎ ለማመን ይቸግራል። ሜኮንግ ዳር ማታ ማታ ሰው በቡድን ሙዚቃ ከፍቶ ስፖርት ይሠራል፤ ማዶ የታይላንድ መብራት ይታያል። ፓቱሳይ የሚባል የድል በር አላቸው፤ አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ማረፊያ ብለው በሰጡት ሲሚንቶ ነው የተሠራው ይባላል፤ "የቆመው ማኮብኮቢያ" እያሉ ይቀልዱበታል። ገንዘቡ ኪፕ ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ዶላር ከ21 ሺህ ኪፕ በላይ ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ምንዛሬው ሲለቀቅ ያዞረን ሰዎች ስለሆንን ይህን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ምንዛሬ ቤቱ አንድ መቶ ዶላር ስሰጥ ያስረከበኝን የገንዘብ ክምር ሳይ መርካቶ ያለሁ መሰለኝ። ሻይ ቤት ውስጥ ያለች ሴት ዋጋ በየወሩ እንደምትቀይር በእጇ አሳየችኝ፤ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ በወረቀት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ተግባባን።

ከዚያው ከተማ አንድ ቦታ ሳታዩ እንዳትወጡ። ኮፕ ይባላል፤ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራበት ማዕከል የጎብኚዎች ክፍል ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ጣሪያው ላይ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ ብረቶች በክር ተንጠልጥለዋል፤ "ቦምቢ" ይሏቸዋል። ከ1964 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ እዚህች አገር ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለች። ከትላልቆቹ ሆድ ተዘርግፈው የወጡት ቦምቢዎች ከ270 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከነሱ እስከ 30 በመቶው ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ገበሬ ሲቆፍር፣ ልጅ ኳስ መስሎት ሲያነሳ፣ ዛሬም ይፈነዳል። ሌላው ግድግዳ ላይ ሰዎች ማዕከሉን ከማግኘታቸው በፊት ከእንጨትና ከቆርቆሮ ለራሳቸው የሠሯቸው እግሮች ተሰቅለዋል። አንዱ እግር ላይ ጫማ የሚያስር ክር እንኳ ተበጅቶለታል። ብዙ ቆሜ ያየሁት እሱን ነው። በኋላ በሰሜን ባለችው ሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ የሌሊት ገበያ ላይ ከዚያው የጦርነት ብረት የቀለጡ ማንኪያዎችና አምባሮች ሲሸጡ አገኘሁ። ሥራው በሲየንግ ኩዋንግ ክፍለ ሀገር ባን ናፒያ በምትባል መንደር ይታወቃል። የነጋዴ ዓይኔ "ይህን አምባር አዲስ አበባ ወስጄ ብሸጠው" ብሎ ሲያሰላ ያዝኩት። አንድ ማንኪያ ብቻ ገዛሁ፤ ስኳር ማማሰያ አድርጌዋለሁ።

ከቪየንቲያን ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ቻይና የሠራችው ነው፤ ኅዳር 2014 ነው ሥራ የጀመረው። እስከ ቻይና ድንበር 422 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሉዋንግ ፕራባንግ በሁለት ሰዓት ያደርሳል። ድሮ በተራራው መንገድ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ጣቢያው የከተማው ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ የፉሪ ለቡን ጣቢያ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከመንገዱ ግማሹ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ተራራውን በቅንጭብ ነው የምታዩት።

መሃል ላይ ያለችው ቫንግ ቪየንግ ናት፤ የኖራ ድንጋይ ተራሮችና ወንዝ፤ ወጣት ፈረንጆች በጎማ እየተንሳፈፉ የሚጠጡባት። አላደርኩባትም። ልጆቻችሁ ወይም ታናናሾቻችሁ ከሄዱ ግን ንገሯቸው፦ ኅዳር 2017 ላይ እዚያ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ጠጥተው ስድስት የውጭ አገር እንግዶች ሞተዋል። በነፃ የሚታደል አረቄ አይጠጣ። ካቲካላ የምታውቅ አገር ልጅ ይህን አታጣውም።

ሉዋንግ ፕራባንግ የድሮ ነገሥታት ከተማ ናት፤ ናም ካን የሚባለው ወንዝ ከሜኮንግ ጋር የሚገናኝባት ምላስ የመሰለች መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኔስኮ መዝግቧታል። በዚያ ወር ገበሬዎች እርሻቸውን ስለሚያቃጥሉ ሰማዩ ጭስ ነበር፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የላምባ መብራት ትመስላለች። ፎቶ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ተራራ በመጋቢት የለም። እሱን ከፈለጋችሁ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ሂዱ።

የጾም ነገር ላንሳ። ሁሉም ነገር ውስጥ ፓዴክ የሚባል የበሰበሰ ዓሣ ውሃ ይገባል፤ የፓፓያ ሰላጣው ውስጥ እንኳ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም። "ኪን ቼ" ስትሉ እንስሳ ነክ የሌለበት እንደምትፈልጉ ይገባቸዋል፤ የነሱም ጿሚዎች የሚሉት ነው። ያዳነኝ ግን ሩዙ ነው። ካው ኒያው ይባላል፤ በእንፋሎት የበሰለ፣ የሚጣበቅ፣ በትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ የሚቀርብ። በእጅ ነው የሚበላው። ቆርሰህ፣ በጣት ጠቅለል አድርገህ፣ ወጡን ታስነካለህ። እንግዳ ማረፊያዬ ውስጥ ካሉት ፈረንጆች ሁሉ ሹካ ያልጠየቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለቤቷ ይህን አይታ ነው መሰለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬን ትታ ወደ ወጥ ቤት የጠራችኝ።

እኚህን ሴት ሜ ታው እላቸዋለሁ። ቃሉ እማማ እንደማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ስለሚጠራቸው እኔም ተከተልኩ። እንግሊዝኛቸው ሃያ ቃል አይሞላም፤ የኔ ላኦኛ ደግሞ "ሳባይ ዲ" ብሎ ጀምሮ "ቦ ፔን ኛንግ" ላይ ያልቃል። ቦ ፔን ኛንግ ምንም አይደል ማለት ነው፤ ሻይ ሲደፋም፣ መልስ ሲጠፋም፣ ጀልባው ሲቀርም ይህችው ናት።

አሁን ወደ ሙያችን። የሌሊት ገበያው ላይ መጀመሪያ ያየሁት የዝሆን ሥዕል ያለበት ሱሪ ነው። እኛ ከባንኮክ በጅምላ የምንወስደውን፣ ያንኑ ንድፍ፣ ያንኑ የተጣመመ ስፌት! የተጻፈበት ግን "የላኦስ ባህላዊ" ነው። ከጎኑ ያለው "በእጅ የተሸመነ ሐር" ደግሞ በጣቴ ስሸው ፖሊስተር ነው። ሻጯ ዓይኔን አይታ ፈገግ አለች፤ የሙያ ሰው የሙያ ሰው ይለያል። ቀስ ብላ ከሥር ሌላ አወጣች። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፦ የክሩ መንገድ ሁሉ ይታያል፣ ቋጠሮው አለ። ይህ እውነተኛው ነው። እናንተም ጨርቅ ስታዩ ፊቱን ተዉት፤ ጀርባውን አገላብጡ። ዋጋ ጠራች፤ እንደለመድኩት ግማሹን ሰጠኋት፤ ተከራክረን በሁለት ሦስተኛው ወሰድኩ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ናም ካንን በቀርከሃ ድልድይ ተሻገርኩ። ይህን ድልድይ በየዓመቱ በበጋ ይሠሩታል፤ ዝናብ መጥቶ ወንዙ ሲሞላ ያፈርሱታል። ባን ሳንግ ኮንግ የምትባል መንደር ውስጥ ሴቶች ቤታቸው ሥር ተቀምጠው ሲሸምኑ አገኘሁ። ሽሮ ሜዳን የለመደ ዓይን መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚህ ነው፤ ሸማኔ ሁሉ ሴት ናት። ድሩ እንደኛው ተወጥሯል፣ መወርወሪያውም ያው። ልዩነቱ ከድሩ ላይ በቁም የተንጠለጠለ ሌላ የክር መጋረጃ አለ፤ ጥለቱ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ የማግ መስመር የትኛውን ድር እንደሚያነሳ በቀጭን እንጨት ተሰክቶ ተቀምጧል። ሸማኔዋ እንጨቱን ታወርዳለች፣ ማጉን ታስገባለች፣ ትመታለች፣ ቀጣዩን ታወርዳለች። አሮጌ ጥለት ተጠቅልሎ ይሰቀላል፤ ልጅቷ ስታድግ ከእናቷ ጥለት ላይ ትቀጥላለች። ሲን የሚባለው ቀሚሳቸው የታችኛው ጠርዝ ልክ እንደኛ ቀሚስ የተለየ ጥለት አለው፤ "ቲን ሲን" ይሉታል፤ የቀሚሱ እግር ማለት ነው። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ቆሜ ያየኋት ሴት ጣት የሚያህል አልጨረሰችም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ሻርፕ አውጥቼ ቀኖቹን ቆጠርኩ። ማታ ተመልሼ ወደ ገበያው ሄድኩ፤ የቀነስኩትን ልሰጣት። ልጅቷ ግን በዚያ ቀን አልነበረችም፤ በነጋታውም አላገኘኋትም። ይህን ያህል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ማለዳው ነው። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የቡድሃ መነኮሳትና ልጆች ደቀ መዛሙርት፣ ብርቱካንማ ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ በአንድ ረድፍ ከየገዳሙ ይወጣሉ። የሰፈሩ ሰው በርከክ ብሎ ለእያንዳንዱ አንድ ጭብጥ ሩዝ ዕቃው ውስጥ ይጥላል። ታክ ባት ይባላል። ማንም አይናገርም። መጀመሪያው ቀን ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከእኔ ጋር ከአውቶቡስ የወረዱ ሌሎች ሃምሳ የሚሆኑ ነበሩ። በየቦታው በብዙ ቋንቋ "ራቅ በሉ፣ ፍላሽ አታብሩ" የሚል ተለጥፏል። አንዱ ለፎቶ ብሎ ረድፉ መሃል ገባ። አንድ ሰባት ስምንት ዓመት የሚሆነው ደቀ መዝሙር ፍላሹ ዓይኑ ላይ ሲበራ ጭፍን አደረገና መንገዱን ቀጠለ። እኔም በዚያች ቅጽበት ስልኬ ተነስቶ ነበር። ፎቶው አለኝ፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጥምቀት ላይ ካሜራ አፍንጫችን ሥር ሲደገንብን ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። እናቴ አንድ ጊዜ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ "ምን አጥተው ነው?" ብላ ነበር።

በማግስቱ ሜ ታው ሄደው ሲቀመጡ ተከተልኳቸው። ስልኬን ክፍል ውስጥ ተውኩት። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ብርድ ልብስም ፎጣም እሱ ነው። ሜ ታው አዩኝና ሳቁ፣ ነጠላውን ከላዬ ገፈው በግራ ትከሻዬ ላይ አጣፍተው በቀኝ ብብቴ ሥር አሳለፉት። እሳቸውም፣ ከጎናቸው ያሉትም ሴቶች ሁሉ ልክ እንደዚያ የተጣፋ ፎጣ መሳይ ጥለት ያለው ጨርቅ ለብሰዋል። ፓ ቢያንግ ይሉታል፤ ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ ያለሱ አይሄዱም። ሩዝ አልሰጠሁም፤ እምነቴ አይደለም፤ እሳቸውም አላስገደዱኝም። ከኋላቸው ተንበርክኬ ብቻ ነበርኩ። ያ ልጅ አለፈ። አላየኝም።

ልሄድ ስል ጠዋት ሜ ታው ነጭ የጥጥ ክር ይዘው መጡ። በእጅ አንጓ ላይ ነው የሚያስሩት። ሰው ውስጥ 32 መንፈስ አለ፣ ሲጓዝ እንዳይበተኑ ይታሰራሉ ይላሉ። እጄን ሲይዙ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩት። ክሩን በጣታቸው ነኩትና ዓይኔን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ቃሉ ባይገባኝም ጥያቄው ገባኝ። "እናቴ" አልኩ በአማርኛ። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ክሩን አሰሩልኝ። የንስሐ አባቴ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ ሳይጠይቁኝ በፊት እነግራቸዋለሁ፦ ምርቃት ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት። ቢያንስ ሦስት ቀን አይፈታም። እኔ እስካሁን አልፈታሁትም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። የሚጨነቀው "ቪዛ" ይለኛል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሆን ቪዛ ይዞ ታይላንድ የገባ ሰው ወንዙን ሲሻገር ያ ቪዛ እንዳበቃ ያስብ፤ ለመመለሻው ሌላ ያስፈልገዋል። ላኦስንም ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ቀን ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ፤ እኔ ቅጽ ስሞላ 2017 ብዬ ጀምሬ፣ ሰርዤ 2025 ጻፍኩ፤ የባንኮክ ደረሰኜ ላይ ደግሞ በነሱ የቡድሃ አቆጣጠር 2568 የሚል ነበር። ባቡሩ ላይ የታችኛው አልጋ ከላይኛው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን መስኮት አለው፤ ክፈሉ። ጫማ በየበሩ ይወለቃል፤ ማሰሪያ የሌለው ያዙ።

ዕቃዬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልደረሰም፤ በአሥራ አራተኛው ነው የደረሰው። የጀርባ ሻንጣው አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከሕፃናት ጃኬቶች ጀርባ ተሰቅሏል። የሚሄድ ካለ ይምጣና ይውሰደው፤ ኪራይ አልጠይቅም። የቀኝ ጎኑ ዚፕ ይያዛል፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሳቡት።

ከአንዲት የሥራ ባልደረባችሁ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ